ደመና የሸፈነው ማሳ

ሥራዬ በሳተላይት ምስል የሰብል ሁኔታ መከታተል ነው። ቤቴል ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተሬን በከፈትኩ ቁጥር አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ወንበራቸውን አስጠግተው «እስኪ የእኛን ማሳ አውጪልኝ» ይሉኝ ነበር። ጎጃም ያለውን መሬታቸውን የሚያርሱት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው፤ መንገዱም ስልኩም ከተዘጋ ወዲህ ከእሳቸው ወሬ የለንም። ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ከታየ አባባ፣ «ዘርቷል፤ በሕይወት አለ ማለት ነው» ብለው ያማትቡ ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ማሳውን ደመና ሸፈነው። አባባ «ዛሬም አልገለጠም?» እንዳሉ ነሐሴ ላይ አረፉ።

ትናንት ገለጠ። ሳላስበው ለወንበራቸው ቦታ ለቀቅኩ። ማሳው ለምለም ነው። ወንድማቸው ዘርተዋል፤ በሕይወት አሉ። የአባባን መርዶ ግን ማን፣ በየት በኩል ሄዶ ይንገራቸው?