ፀሐዩ እስኪበርድለት

በእናቴ ሕግ ምች የመታው ሰው ፀሐይ አይወጣም፤ ከፀሐይ የገባ ሰውም ሳይበርድለት በሽተኛው ፊት አይቆምም። የምች መነሻው ብዙ ነው። ላብ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ መቆም፣ በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ፀሐይ መውጣት፣ ደጅ ተቀምጦ መብላት። እኔን የመታኝ ሦስቱም ነው አለች። ሰው በአንድ ቀን ሦስቱንም እንዴት ያደርጋል? ግን እሷን ማን ተከራክሮ ያሸንፋል! ታችኛው ከንፈሬ አብጦ ውሃ ቋጥሯል፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያተኩሰኛል። ዳማከሴ ከጓሮ ቀጥፋ በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን አጠጣችኝ፣ የተረፈውን አፍንጫዬና ግንባሬ ላይ ቀባችኝ፣ በጋቢ ጠቅልላ አስተኛችኝ።

«ላብሽ እስኪወጣ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም የከንፈሩ ቁስል ሰውነት ውስጥ ተደብቆ በሚኖር ቫይረስ እንደሚመጣ ነገረኝ። ድካም፣ ጭንቀት፣ ፀሐይም ይቀሰቅሰዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በአሥር ቀን በራሱ ይድናል። ፀሐዩን እናቴ አውቃለች። ጭንቀቱን ግን ማናችንም አልቆጠርነውም። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሦስት ቀን ሙሉ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተይዞ ነበር። የሚሄደው እኔ በተኛሁበት በዚያው ቀን ነው። መኪናው የሚነሳው ስምንት ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቤተሰቡን እንዲሰናበት ለትንሽ ጊዜ ይለቁታል ተብለናል።

በደህናው ቀን እንኳ አንድ ቦታ አርፌ የማልቀመጥ ሰው ነኝ። እገላበጣለሁ። ጋቢውን እገፋለሁ፤ እናቴ ትመልሰዋለች።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ኧረ በፈጠረሽ ተዪኝ! አሁን አይደል የጠየቅሽኝ?»

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ወንድሜ የቀጨኔን አቀበት በቀትር ሮጦ ስለመጣ ትንፋሹ ይሰማኛል። በእኔና በእሱ መካከል ያለው አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው።

«እህቴስ?» አለ።

«ምች መቷታል፣ ውስጥ ተኝታለች። አንተ መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ፀሐዩ ይብረድልህ።»

«እማዬ፣ ጊዜ የለኝም እኮ።»

«ትንሽ ነው፣ በቃ። ላብህ ይድረቅ።»

«ይግባ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቆይ እንጂ!» አለኝ ወንድሜ በግድግዳው። «ያን ያበጠ ከንፈርሽን ለማየት ምን አስቸኮለኝ? ሲበርድልኝ እመጣለሁ።» ሳቀ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተቀመጠ። እናቴ ውሃ ቀዳችለት። አሁን ሳስበው፣ ምቹን ፈርታ ብቻ ሳይሆን እሱንም ትንሽ ማቆየት ፈልጋ ይመስለኛል። ያኔ ግን በንዴት ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ብዙም አልቆየም። የቀበሌው ጥበቃ በሩን በጠመንጃው ሰደፍ መታው። መኪናው ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ሊነሳ ነው፣ ውጣ አለው። እናቴ «አንዴ፣ እባካችሁ አንዴ!» ስትል ሰማሁ። ዘልዬ ስነሳ ጋቢው እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ጣለኝ። ተፍጨርጭሬ ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነው።

ላብ እንዳጠመቀኝ በባዶ እግሬ ቁልቁለቱን ሮጥኩ። ምልምሎቹን የጫነው ኦራል መኪና መታጠፊያውን አልፏል፤ አቧራው ብቻ ቀርቷል። እናቴ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መንገዱ መሃል ቆማለች። ቀትር ላይ መውጣቴን አይታ እንኳ አልተቆጣችኝም።

«እኔው አስቀምጬው…» አለች።

ደግፌ ልይዛት ሲገባኝ ንዴቴ ቀደመኝ። «አዎ፣ አንቺው ነሽ!» አልኳት፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ።

ወንድሜ አልተመለሰም። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ያን ቃል ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ዛሬ ይቅርታ እላታለሁ፣ ነገ እላታለሁ ስል ቀበርኳት።