አግማስና ባለባትሪው ማጨጃ

አግማስ ከኩታበር ወደ ኮምቦልቻ የወረደው ፋብሪካ ለመቀጠር ነበር፤ አልቀናውም። ሐጂ በሺር የሚባሉ ነጋዴ ግቢያቸውን እንዲጠብቅና ሣሩን እንዲያጭድ አስገቡት፤ እዚያው አረጀ። ሐጂ ሣሩን ይወዱት ነበር። ከመስጊድ ሲመለሱ በድንጋዩ መንገድ ዳር ዳር ጠርዙ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ ፊታቸው አይፈታም። አግማስ መሐሉን በማጭድ ያጭዳል፣ ጠርዙን ደግሞ ተንበርክኮ በትልቅ መቀስ ይከረክማል። ወገቡ እዚያ ላይ አለቀ።

ሐጂ ሲሞቱ ሚስታቸው ወይዘሮ ሳፊያ ስለ ሣሩ ምንም አላሉም። አግማስም ማጨዱን አልተወም።

የባቡሩ ሐዲድ በሚሠራባቸው ዓመታት፣ አንድ ክረምት ላይ፣ የወይዘሮ ሳፊያ ወንድም እንድሪስ ሊጠይቃቸው መጣ። እንድሪስ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። አግማስ ከተንበረከከበት ለመነሳት አጥሩን ጨብጦ ሲያቃስት አየውና በሚቀጥለው ጉዞው ረጅም ዘንግ ያለው ዕቃ ይዞለት ተመለሰ። ከላይ ባትሪ፣ ከታች የሚሽከረከር የናይለን ክር አለው።

«ገመድ የለው፣ ነዳጅ አይጠጣ። ቆመህ ወዲያ ወዲህ ማድረግ ነው» አለው።

አግማስ መጀመሪያ ፈራው። ክሩ ሣሩን እየበላ ሲሄድ ግን ልቡ ተመለሰ። ዘንጉን ጋደል አድርጎ ጠርዙንም አስኬደው። ያን ቀን ወገቡን ሳይዝ ምሳውን በላ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ባዶውን ይውላል። እየቆየ ደግሞ መብራት እያለም ቻርጅ አልይዝም አለ፤ ትንሽ ያጭድና ይዝላል። አግማስ ዕቃውን ተሸክሞ ደሴ ወጣ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነው ጸጋው ባትሪውን አገላብጦ አየው።

«ይኼ ሞቷል፣ አባቴ።»

«ሌላ አይገጥምለትም?»

«የራሱ ካልሆነ አይቀበልም። የራሱ ደግሞ እዚህ አይመጣም።»

በሚኒባሱ ዘንጉን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወረደ።

በማግስቱ ማጭዱን አነሳ። ዝናብ ስለሰነበተ ሣሩ ተንዠርግጓል። መሐሉን እንደ ምንም አጨደና ለጠርዙ ተንበረከከ፤ ከዚያ መነሳት አቃተው። ወይዘሮ ሳፊያ ወጥተው እርጥቡ መሬት ላይ አገኙት።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም፣ እትዬ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«ተወው በቃ።»

«ጠርዙ አልተነካም እኮ። ሐጂ ቢያዩት…»

«ሐጂ አላህ ይዘንላቸው፣ ሞተዋል። እኔ ወላሂ ጠርዙን ልብ ብዬው አላውቅም።»

አግማስ ቀና ብሎ አያቸው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ የምትወደው መስሎኝ ነዋ።»

ሊናደድ ፈለገ። መናደድም ግን ጉልበት ይጠይቃል። ወይዘሮ ሳፊያ ክንዱን ይዘው አነሱት፤ እሳቸውም አርጅተዋልና ሁለቱም እየተንገዳገዱ እስከ በረንዳው ደረሱ።

ሣሩን ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካውም። አድጎ እስከ ጉልበት ሲደርስ የጎረቤታቸው የብዙዬ በጎች ገቡበት፤ እዚህ ጨርሰው፣ እዚያ ትተው፣ እንዳሻቸው በሉት። አግማስ በር እየከፈተና እየዘጋ በዘበኝነቱ ቀረ። ወገቡ አልዳነም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ በጎቹ ሲግጡ ያያል፤ አንዳንዴም እያያቸው እንቅልፍ ይወስደዋል።