ድምፅ የሌለው ክሊፕ

የፒያኖ አስተማሪ ነኝ ስል ሰው ወዲያው ያንን ትልቁን ጥቁር ፒያኖ ያስባል። ኧረ ወዴት! ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያንን ማን ተሸክሞ ያወጣልኛል? ያለኝ ኪቦርድ ነው። መብራት ሲኖር ፒያኖ ነው፣ መብራት ሲሄድ ልብስ ይታጠፍበታል። ባል አላገባሁም፣ ልጅም አልወለድኩም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤቴ ውስጥ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው። ሰው የሚገባልኝ ቅዳሜ፣ ተማሪዎቼ ሲመጡ ነው።

እነሱም እየሳሱ ሄዱ። አልፈርድባቸውም። ጣት ሳለማምዳቸው "ቲቸር፣ ይሄ ነገር መቼ ነው ዘፈን የሚሆነው?" ይሉኛል። አንድ ቅዳሜ አንዱ ነገረኛ ልጅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ "እስቲ ቅረጪኝ" አለኝ። ቀረጽኩት። ሲያየው ጀርባው ጎብጧል፣ ጣቶቹ ተንጋደዋል። "እንዴ! ይሄማ ያሳፍራል፣ ድጋሚ!" አለና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ደግሞ ድጋሚ፣ ከዚያም ድጋሚ። እኔ ስንት ወር ለምኜው እምቢ ያለኝን! ከዚያን ቀን ወዲያ ክሊፕ ሠሪ ሆንኩ።

ያንኑ ነገረኛ የአባቱን ኮት አልብሼ ኢምፔሪያል ታክሲ መያዣው ጋ አቆምኩት። ረዳቱ "መገናኛ፣ መገናኛ!" ባለ ቁጥር እሱ በባዶ አየር ላይ ጣቶቹን ያወርዳል፤ ዜማውን ቤት ገብተን ጨመርንበት። ረዳቱ "የኔን ድምፅ ትቆርጡና ዋ!" ብሎ አስጠነቀቀን። መንትያ ተማሪዎቼን ደግሞ ሰገነቱ ላይ፣ በተሰጡት አንሶላዎች መሀል አስቀመጥኳቸው። ክሊፕ ያለው ሌላ እንዲኖረው ይለማመዳል፣ የሌለውም እንዲኖረው ይለማመዳል።

ከአንዷ በስተቀር። ከሲኤምሲ ሹፌር የሚያመጣት የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ሰላምታዋን እንኳ የሚያውቁት እሷና አንገት ልብሷ ብቻ ናቸው፣ እዚያ ውስጥ ነው የምትናገረው። ኪቦርዱ ጋ ስትቀመጥ ትከሻዋ ጆሮዋ ጋ ይደርሳል። ሰው እየሰማት ቁልፍ አትነካም። እናቷ እንደነገረችኝ ቤታቸው ያለውንም ኪቦርድ የምትነካካው ድምፁን ዘግታ ነው። ሰዓት በማክበር ግን የሚስተካከላት የለም። እሷን ስጠብቅ ከራሴ የፈለቀች፣ ስም የሌላት፣ ባቲ ባቲ የምትል ዜማ አለችኝ፣ ያቺን እጫወታለሁ። ከዚያ በሩ ቋ ቋ ይላል፣ ትቼ እነሳለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ "ልጅቷን ደረጃ ላይ አታስቀምጫት፣ ሲሚንቶው ይበርዳል" አለችኝ። "የማንን ልጅ ነው የምታወሪው? የኔዋ ልክ በሰዓቷ ነው የምትመጣው" ብዬ ዘጋኋት። ጎረቤቴ በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት ትወዳለች።

እናቷ ነጋዴ ናት፤ አትላስ አካባቢ ሱቅ አላት። አንድ ቀን ደወለችልኝ። "ቲቸርዬ፣ አይቀየሙኝና፣ የሌሎቹ ልጆች ክሊፕ በየዘመዱ ስልክ ይዞራል። የኔዋ ግን ይሄው ምንም የላትም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነላት የውሃ ዋና ላስመዘግባት ነው። እዚያ ዝም ቢሉም ችግር የለውም።" ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋው ግን የቀሩትን ቅዳሜዎች በጣቴ ቆጠርኩ። ለሙያዬ ተቆርቁሬ እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ መጨረሻ የምትመጣው እሷ ናት፤ እሷ ከወጣች እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን በር የሚያንኳኳ የለም። ዝም ብለንም ቢሆን ሁለት ሰው ነበርን።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። ልጅቷ ከወረቀት የቆረጠቻቸውን ወፎች በክር አድርገን ከመጋረጃው ዘንግ አንጠለጠልናቸው። "ፊትሽን አልቀርጽም፣ እጅሽን ብቻ" አልኳት። ስልኬን መደርደሪያው ጫፍ ላይ ቁልቁል እንዲያይ አድርጌ አስደገፍኩና መቅረጫውን ተጫንኩ። "በይ እሺ፣ የኔ እናት።" እጇ ጭኗ ላይ ነው። "ብትሳሳቺም ግድ የለም።" ምንም። "ኧረ በማርያም! አንድ ጊዜ ብቻ!" አልኩ፣ ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም። ያኔ መብራት ሄደ።

"ይሄው! ይቺው ቀርታን ነበር!" እያልኩ የኛ ቤት ብቻ ይሆን ብዬ በረንዳ ወጣሁ። ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል፤ ከማዶ ካለው ሱቅ ጄኔሬተር ተነስቷል። ስመለስ ከሳሎን ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁና በሩ ጋ ቆምኩ። ልጅቷ በመስኮቱ ብርሃን ትጫወታለች። ድምፅ በሌለው ኪቦርድ ላይ! ትከሻዋ ወርዷል፣ ጣቶቿ ሳይፈሩ ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። እንዳላስደነግጣት ወደ ውስጥ አልገባሁም። መጨረሻ ላይ ቀኝ እጇን አነሳችና የኪቦርዱን ጠርዝ በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ መለሰች። የልጅ ጨዋታ መሰለኝ። ታች ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ፣ ጫማዋን አጥልቃ ወረደች።

እናቷ በሳምንቱ መሀል ደወለች። "አላለላትም ቲቸርዬ፣ ዋናውን አስመዘገብኳት። ቅዳሜ ላይ ሆነባት።" "ደግ አደረግሽ" አልኳት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ በልማዴ ኪቦርዱ ጋ ተቀመጥኩና ያቺን ዜማ ጀመርኩ። ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር፣ የሞኝ ነገር። ሳልጨርሳት ተውኳት። ስልኬ "ሞልቷል" ሲለኝ የሚጠፋ ነገር ልፈልግ ብዬ ከፈትኩትና የዚያን ቀኑን ክሊፕ አገኘሁት። ለካ መብራቱ ሲሄድ መቅረጫውን አላጠፋሁትም። ልሰርዘው ስል ጣቶቿን አየሁ። ሥራዬ ነው፣ ዕድሜዬን ጣት ሳይ ነው የኖርኩት። ግን ምን ነበር የምትጫወተው? ስልኩን ፊቴ አቆምኩና እሷ የነካችውን እየተከተልኩ መንካት ጀመርኩ፤ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። እንደገና ስሄድበት ጆሮዬ አወቃት።

የኔ ዜማ ናት። ለማንም ያላስተማርኳት፣ ሰው ይሰማታል ብዬም አስቤ የማላውቀው። እኔ የምዘገይበት ቦታ ላይ ዘግይታለች፣ እኔ የምሳሳትባትን አንዷን ቦታ እንኳ አልተወችም። ጎረቤቴ እውነቷን ነበር። ያቺ ልጅ ቀደም ብላ እየመጣች፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ስታዳምጠኝ ኖራለች። በሩንም የምታንኳኳው ያኔ ደርሳ አይደለም፤ ሁልጊዜ ዜማው አንዲት ቦታ ላይ አረፍ ሲል ጠብቃ ነው። ቋ ቋውም የዘፈኑ ነው ብላ ይዛዋለች። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ብቻዬን ነኝ ብዬ ስጫወት በነበረበት ሰዓት ሁሉ ከበሩ ማዶ ሰው ነበረኝ።

ዜማውን በጣቶቿ ልክ ተጫውቼ ከክሊፑ ጋር አገጣጠምኩት። መጨረሻ ላይ ኪቦርዱን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ለእናቷ በቴሌግራም ላክሁላት። "ውይ ቲቸርዬ! የኔ ልጅ ናት እንዲህ የምትጫወተው? ምን ዋጋ አለው፣ ዋናው ቅዳሜ ሆነ እንጂ" ብላ ጻፈችልኝ። ቆይቶ ከዚያው ስልክ የድምፅ መልእክት መጣ። ስከፍተው መጀመሪያ ሌሎች ልጆች ውሃ ውስጥ ሲንጫጩ ተሰማ፣ ከዚያ እሷ፣ በሹክሹክታ።

"ቲቸር... ካንኳኳሁ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ከዚያስ እንዴት ነው የሚሆነው?"

ከዚያ ወዲያ ያለው የለም እኮ! እሷ ስታንኳኳ በር ልከፍት ስለምነሳ ሠርቼው አላውቅም። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና እውነቱን ነገርኳት።

"ከዚያማ በሩ ይከፈትና አንቺ ትገቢያለሽ፣ የኔ ልጅ።"