ኮፒ ላደርግ ነው

ተማሪዎቹ በሌለችበት «እትዬ ለምን» ይሏታል። አይፈረድባቸውም፤ ለምን ሳትል የዋለችበት ቀን የለም። ለምን አረፈድክ፣ ለምን ከሳሽ፣ ይኼ መስኮት ለምን ተዘጋ፣ ዘበኛው ዛሬ ለምን ኮፍያ አላደረገም። ነገረኛ ሆና አይደለም። ነገሩ ካልገባት እህል አይዋጥላትም፣ ተፈጥሮዋ ነው። ሥራዋም ቢሆን ይኸው ነው፤ በዚያ ትንሽ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የተማሪዎች ምክርና ድጋፍ ክፍል ኃላፊ ናት። ኃላፊ ስላችሁ ሌላ ሠራተኛ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ኃላፊዋም ተላላኪዋም እሷው ነች።

ኮሌጁ መጀመሪያ አንድ የድሮ መጋዘን ነበር። ቦታ ስለጠፋ ያለውን አንድ የኮፒ ማሽን እሷ ክፍል ጥግ ላይ አስቀመጡባት። ማሽን ከተባለ ነው እንግዲህ። ሲያበሩት ያጓራል፣ እስኪሞቅ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ሞቀ ሲሉት ደግሞ ወረቀት ይነክሳል። ኮፒ የፈለገ ተማሪ ወንበር ስቦ ይጠብቃል፤ እሷም እስከዚያው ለምን ማለቷን ትጀምራለች። ሂሳብ አልገባ ያለው፣ ባሏ ትምህርቱን አቁሚ ያላት፣ ልጇን የምትተውበት ያጣች፣ ሁሉም እዚያ ማሽን አጠገብ ይተነፍሳል። እሷም ለአንዱ አስጠኚ ትፈልጋለች፣ ለሌላዋ ከመምህር ጋር ትሟገታለች። ማሽኑን ግን ዓይኑን ማየት አትፈልግም ነበር። ሰው ገመናውን ሲያወራ ይኼ ያጓራል፣ ይኼ ሥራ ነው ወይ ትላለች።

ከዚያ ኮሌጁ አደገ። ተማሪው በዛ፣ አዲስ ሕንፃ ተሠራ፣ የኤሌክትሪኩም የነርሲንጉም የኮምፒውተሩም ትምህርት የየራሱን ፎቅ አገኘ። ዲኑ ጠርቶ ምን ዓይነት ቢሮ እንደምትፈልግ ሲጠይቃት፣ ስንት ጊዜ ስታልመው የኖረችውን ዘረገፈችለት። በሩ መስታወት ይሁን፣ ብርሃን ይግባ። ሁሉም እንዲያየኝ ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ይሁን። ስሙም በትልቁ ይጻፍ። ያንን ማሽን ደግሞ ካጠገቤ አንሡልኝ። አላርፍ ያለች ጣት ይባል የለ፣ ያለችው ሁሉ ተደረገላት። ምድር ቤት ፈጣን የኮፒ ማሽን ተገዛ፤ አሮጌው ዕቃ ቤት ተጣለ።

ሰውም ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት እያለች ጠበቀች። የአዲሶቹ ወንበሮች ላስቲክ እንኳ ሳይላጥ ወራት አለፉ። ኮሪደር ላይ ያገኘችውን ሁሉ ለምን አትመጡም ትላለች፤ ሁሉም እንመጣለን ይላል፤ የሚመጣ የለም። ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን የኮምፒውተር ተማሪ ቦታ አጥቶ ቆሞ እየተማረ ይኼ ባዶ ክፍል ዓይኑን ወጋው። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ሰው ካልመጣ ክፍሉን እንደሚወስደው፣ እሷም ሬጅስትራር እንደምትዛወር ነገራት። ለራሷ አልነበረም የደነገጠችው። ትምህርት የሚያቋርጠው በዝቷል ሲሉ ከመምህራኑ ትሰማለች። ያ ሁሉ ሰው ጭንቁን ለማን እየነገረ ነው?

ቤት ታናሽ ወንድሟ አለ። ስንት ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው፣ «በዚህ ዕድሜህ?» ያለውን ሁሉ ንቆ እዚያው ኮሌጅ ኤሌክትሪክ መማር ጀምሯል። ኮራችበት። ትምህርት እንዴት ነው ስትለው «ሰላም ነው እትዬ» ይላታል፤ እሷም በዚያው ታልፈዋለች። አገር ሁሉ ለምን ስትል እሱን ብቻ ለምን ብላው አታውቅም። ራት ላይ ስለ ሌሎቹ ልጆች ታወራዋለች፣ ምን አስቀየምኳቸው ትለዋለች። እሱ ሰሃኑን እያየ «እንጃ» ይላል።

አንድ ቀን ነገሩ አላስችል ብሏት ሻይ ቤቱ ገብታ ጥግ ተቀመጠችና የገዛ በሯን ትሰልል ጀመር። አንዲት ተማሪ መጣች። ሰሌዳውን አነበበች። ዞር ብላ ሻይ የሚጠጣውን ሰው አየች። ከዚያ ያልጠራ ስልክ አውጥታ ጆሮዋ ላይ አደረገችና አልፋ ሄደች። ቆይቶ አንዱ መጣና በሩ ላይ የጫማ ክሩን ሲያስር፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲያስር ቆይቶ ተመለሰ። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ይኼ ምን የሚሉት ጉድ ነው አለች በልቧ።

ያን ዕለት ራሷን ፈልጧት የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ገባች። መድኃኒት ሻጯ የድሮ ተማሪዋ ነበረች፤ በመጋዘኑ ዘመን ከሁሉ በላይ ኮፒ የምታበዛው እሷ ነበረች። ጨዋታ ተነሣ።

«ያን ሁሉ ወረቀት ግን ምን አደረግሽው?» አለቻት።

መድኃኒት ሻጯ ሳቀች። «ሽንኩርት ጠቀለልኩበት። እኔ እኮ አንድም ቀን ኮፒ ፈልጌ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ለምን ትመጪ ነበር?»

«ምክር ፍለጋ ሄደች ከምባል ብሞት ይሻለኝ ነበራ። ኮፒ ላደርግ ነው ስል ግን ማን ምን ይለኛል? እስኪሞቅ ደግሞ አፌ ይፈታል።»

ኪኒኗን ረስታ ወጣች። በገዛ እጄ፣ በገዛ እጄ እያለች ነው ቤቷ የደረሰችው።

በማግስቱ ዲኑ ዘንድ ሄዳ አሮጌውን ማሽን ጠየቀች። ጤንነቷን ተጠራጠረ መሰለኝ፣ አተኩሮ አያት። አዲሱ ፈጣኑ ታች እያለ ይኼ ቀርፋፋ ምን ይሠራልሻል ቢላት፣ ስለሚንቀረፈፍ ነው የፈለግሁት አለችው። ምንም አልገባውም፤ ግን ሰጣት። እሷም አቧራውን ጠርጋ ከበሩ አጠገብ ተከለችው፣ መስታወቱ ላይ ውስጡን እንዳያሳይ ወረቀት ለጠፈች፣ ያን ትልቅ ሰሌዳ አስነቅላ በምትኩ «ኮፒ» ብላ ጻፈች። ሲያበሩት እንደ ልማዱ አጓራ። የዚያን ቀን ድምፁ ደስ አላት።

መጀመሪያ የመጣችው ያችው ባለስልኳ ልጅ ነበረች፣ አንዲት ገጽ ይዛ። ከዚያ ባለጫማ ክሩ መጣ። ወሬው እንዴት እንደሄደ እንጃ፣ ታች ያለው ፈጣኑ ማሽን ሥራ ፈትቶ የእሷ በር ላይ ወረፋ ሆነ። ዲኑም ሲያልፍ ወረፋውን አየና የክፍሉን ነገር ዳግመኛ ሳያነሣ ቀረ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ቀና ብትል በሩ ላይ የቆመው ወንድሟ ነው። ከስቷል። መቼ ነው እንዲህ የከሳው?

«ኮፒ ላደርግ ነው» አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ወረቀቱን ተቀበለችው። ነጭ ነው። ገለበጠችው፤ ጀርባውም ነጭ ነው። ያ ሁሉ ራት፣ ያ ሁሉ «ሰላም ነው እትዬ» ባንድ ጊዜ መጣባት። ለምን የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

ባዶውን ወረቀት ማሽኑ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና ክዳኑን ገጠመች። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ሞቆ ነው የዋለው። አጠፋችውና እንደገና አበራችው።

«እስኪሞቅ ትንሽ ይቆያል» አለችው። «ወንበር ሳብና ተቀመጥ።»

ወንበሩን ሳበ።