ጡረታ የወጣው ብረት ድስት

ለመላው የመቀሌ ሕዝብ፣ ለወዳጆቻችንና ለሚመለከታቸው አካላት በሙሉ... ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ አንድ ብረት ድስት ከቅርስነት ማዕረጉ መነሣቱን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ የቤተክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል ነው። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ታሪክ ያስፈልጋል... ስለዚህ የታሪክ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሽማግሌያችን ኣያ ፀጋይ ናቸው። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ።

ቤተክርስቲያናችን ከጥንት ጀምሮ «የራበው ሰው ስብከት አይሰማም» ባይ ናት። መጀመሪያ ማንበብና መጻፍ አስተማረች፣ ቀጥላ ክሊኒክ ከፈተች፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ እዚሁ ሓድነት ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ተፈናቃይ ስትመግብ ከረመች። ይህ እውነት ነው፣ አልቀልድበትም።

ቀልዱ የሚጀምረው ኮሚቴው ያንን ምግብ ያበሰለውን ድስት ወርቃማ ቀለም ቀብቶ፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠው በኋላ ነው። ከሥሩ ኣያ ፀጋይ ያረቀቁት ጽሑፍ ተለጠፈ፦

«አባቶች በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት የትሕትናቸው ምስክር። ሥጋ ገብቶበት አያውቅም።»

እኛ ጴንጤዎች መቼስ ሮብና ዓርብ ቆጥረን ሥጋ የምንተው ሰዎች አይደለንም። «ለምንድነው ሥጋ ያልገባበት?» ብዬ ጠየቅኩ።

ኣያ ፀጋይ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ትሕትና ነው፣ ወንድሜ» አሉኝ። ሽሮ ትሑት መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

ትናንት ድስቱን ፎቶ እያነሣሁ ሳለ ኣደይ ዘምዘም ገቡ። ከወሎ መጥተው እዚሁ ሰፈር በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው።

«የሟቹ ባለቤቴ ሰደቃ እሑድ ነው። ድስቴን ልወስድ መጣሁ» አሉ።

«የቱን ድስት?»

ዞር ሲሉ አዩት።

«ሱብሐነላህ! ማነው እንዲህ የሞሸረው?»

ኣያ ፀጋይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኣደይ ዘምዘም፣ ይሄ እኮ የአባቶች ቅርስ ነው...»

«የምን አባት? ከቤቴ ተሸክመህ የወጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ? ወገቤን ወገቤን እያልክ!»

ኣደይ ዘምዘም ጠጋ ብለው የድስቱን ውስጥ አዩ።

«ይልቅ ሥጋ አላገባችሁበትም አይደል?»

«ኧረ በፍጹም!» አሉ ኣያ ፀጋይ፣ መውጫ ያገኙ መስሏቸው። «አንድም ቀን ገብቶበት አያውቅም!»

«ጎሽ። የናንተ ሥጋ ከገባበት ለኛ አይሆንም፣ ሽሮና ምስር ብቻ ብዬህ አልነበር የሰጠሁህ?»

ትሕትናችን እዚያው ላይ አረፈች። ነፍስ ይማር።

ኣያ ፀጋይ ግን ቶሎ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «በጃኽን፣ እባክዎን ኣደይ... እንግዶቹ እሑድ ናቸው። ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ ባመጣልዎትስ?»

«ሰኞማ ሰደቃው አልፎ! እሑድ የሚመጣውን ሰው በምን አብስዬ ላብላው፣ በጀበና?»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስንቴ ልወስደው መጥቼ ከበር ተመልሻለሁ መሰለህ... ሰው እየበላበት ነው ብዬ። ተፈናቃዮቹ እኮ ዛሬም እዚያ ማዶ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደተጠለሉ ናቸው፣ ፀጋይ። ጡረታ የወጣው ድስቱ ብቻ ነው፣ ወይስ እናንተም?»

እኔ ካሜራዬን አወረድኩ።

ኣያ ፀጋይ ኮታቸውን አወለቁና ድስቱን ደጅ አውጥተው በአሸዋና በሽቦ ወርቁን ይፈትጉት ጀመር። ኣደይ ዘምዘም ከላይ ቆመው «በዚህ በኩል ቀርቷል... ኧረ ጠንከር በል!» ይላሉ። ሽማግሌያችን በሦስት ቀን ጸሎት እንኳ እንዲህ ሲያልባቸው አይቼ አላውቅም።

ድስቱ ነጥቶ ሲወጣ ኣደይ ዘምዘም ከበሩ ላይ መለስ አሉ።

«ሰደቃው ሲያልፍ እመልስላችኋለሁ። ለምድጃ ነው ታዲያ፣ ለጠረጴዛ አይደለም!»

ማስተካከያ፦ ከላይ «ቤተክርስቲያናችን ተፈናቃይ ስትመግብ ከረመች» ተብሎ የተገለጸው ትክክል ቢሆንም የተሟላ ስላልሆነ፣ «በጎረቤት ድስት» የሚለው ታክሎበት እንዲነበብ በአክብሮት እናሳስባለን። ግልባጭ፦ ለታሪክ ኮሚቴው።