ሠላሳ ስምንት ወይስ ሠላሳ ዘጠኝ

«ጨምርበት እንጂ!» አለች ላንጉዊ፣ የቅርጫቷን ጠፍር ግንባሯ ላይ እያስተካከለች። የጫማ ሱቁ ባለቤት ቺዩ እያመነታ ይዛ የመጣችውን ሁለተኛ የሩዝ ከረጢት ቅርጫቷ ውስጥ ከተተላት። ሠላሳ ኪሎ አዝሎ ጫማ የሚለካ ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

ላንጉዊ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ከላይ፣ ቡኑን ከሚባሉት የተራራ ሰዎች መንደር ነው የወረደችው። ሃያ ሁለት ዓመት ተራራ የሚወጡ ሰዎችን ስንቅና ድንኳን ስትሸከም እግሯ ላይ የነበረው ገበሬ የሚያደርገው የጎማ ቦት ነው። ዘንድሮ የመጣው አዲስ አስጎብኚ ግን ደንብ አወጣ፦ የተራራ ጫማ ያላደረገ ተሸካሚ ሐሙስ ወደ ተራራው በሚሄደው መኪና ላይ አይወጣም። ሐሙስ ነገ ነው።

«ይሄኛው ቀላልም ነው፣ ጠንካራም ነው፣ እትዬ» አለ ቺዩ።

«ሁለቱንም የሆነ ነገር አላየሁም፣ አለቃ። ባልም ቢሆን።»

ደጅ ሞተር ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠው የእህቷ ባል ቢዩንግ ሳቀ። «ቶሎ በያ፣ ሙሽሪት! ሩዜን ይዘሽብኝ ልትጠፊ ነው?»

እስከ መንገዱ ጥግ ሄዳ ተመለሰች። ሸክም ሳይኖራት ልክክ ያለው ሠላሳ ስምንት ቁጥር አሁን ትንሿን ጣቷን ያኝካታል። ሠላሳ ዘጠኝን አደረገች፤ ተመቻት። ቅርጫቱን ስታወርድ ግን እግሯ ውስጡ ይንሸራተት ጀመር።

«ታዲያ የቱ ነው ቁጥሬ?»

ቺዩ ሠላሳ ስምንቱን እንደገና አቀበላት።

«ስወጣ ከባድ ነኝ። ስወርድ ስንቁ ተበልቶ ባዶ ነኝ። ለመውጫና ለመውረጃ ሁለት ጫማ ልግዛ?»

«ግዢ!» አለ ቺዩ፣ ፊቱ በርቶ።

«አንተ ደግሞ!»

«በጎማው ቦት እንዴት ታደርጊ ነበር?» አለ ቢዩንግ።

ለማስታወስ ሞከረች። «እንጃ። አስቤውም አላውቅ።»

ቀኝ እግሯ ላይ ሠላሳ ስምንት፣ ግራው ላይ ሠላሳ ዘጠኝ አድርጋ ተቀመጠች። ሁለቱን እግሮቿን የሌላ ሰው ይመስል አየቻቸው።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ሰው የሚወድቀው ሲወጣ ነው?» አለ ቢዩንግ።

«ሲወጣ ማን ይወድቃል? ሲወርድ ነው እንጂ።» የግራውን ጫማ ክር ፈታች። «ሠላሳ ስምንቱን ስጠኝ። እሱ ነው… መሰለኝ።»

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ላይ ወጣች። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ትንንሽ ጣቶቿ ተላጡ። በስምንተኛው ቀን ሳትወድቅ ወረደች።