ያልለመደው እግር

ሸሚዙን ፍራሽ ሥር አስተኝቶ የሚተኩስ፣ ጦርነት ግራ እግሩን የወሰደበት ሰውዬ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በአካል ማገገሚያ ማዕከሉ ተኝቶ፣ ሰው ሠራሽ እግሩን አጥልቆ፣ የመለማመጃውን ብረት ጨብጦ ያነክሳል። "ኧረ እህቴ፣ ይሄ ነገር አልለመደኝም" ይላታል አሠልጣኟን።

ዛሬ ፋይል ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ፣ በሩ ጋ ስትደርስ የኮቴ ድምፅ ሰማች፤ እኩል፣ የጤነኛ ሰው እርምጃ። ስትገባ ወዲያው ማንከስ ጀመረ።

"አንተ ሰውዬ፣ ትሄዳለህ እኮ! አልጋህን ስንቱ እየጠበቀው ነው!"

አንገቱን ደፋ።

"እግሩስ ደህና ነው። የዘመትነው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበር። እናታችን ሁለታችንንም ነው የምትጠብቀው። ብቻዬን ምን ብዬ ልግባ?"

በመስኮት አየች፤ ወረፋተኞቹ ክራንቻቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ፋይሉ ላይ "የአንድ ሳምንት ልምምድ ይቀረዋል" ብላ ጻፈች።